አስፈሪ ፊልም ለምን አያስፈራንም? ስለ ድምፅ፣ ስለ ጨለማና በጎንደር ስለሚሠራ ሲኒማ

ሆረር ፊልም ጎንደር ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። በቴሌግራም ይወርዳል፣ በፍላሽ ይጫናል፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ የጃፓኑም፣ የኢራኑም፣ የኮሪያውም አለ። ታይቶ ሲያበቃ የሚሰማው አስተያየት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ይኼ ምኑ ያስፈራል?» አንዳንዱ ይህን የሚለው በኩራት ነው፤ ጅብ ሲጮህ እየሰማ ያደገ ሰው የፈረንጅ መንፈስ አይበግረውም ለማለት። ነገሩ ግን ከድፍረት ጋር ብዙም አይገናኝም።

አስፈሪ ፊልም ከሌላው ሁሉ በተለየ በድምፅና በጨለማ ላይ የቆመ ነው። እኛ ዘንድ ፊልም የሚታይበት መንገድ ደግሞ አስቀድሞ የሚያበላሸው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ይህ በተመልካቹ ላይ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ቀላል ነበር። ፊልም ለመሥራት የሚነሱ ወጣቶችም ሆረርን የሚያውቁት በዚሁ በተበላሸው መልኩ ስለሆነ፣ ያላቸውን ጥቂት ገንዘብ በጭንብልና በቀይ ቀለም ይጨርሱና ድምፁን «ኤዲቲንግ ላይ እናስተካክለዋለን» ይላሉ። ኤዲቲንግ ላይ አይስተካከልም።

ከተመልካቹ እንነሳ። ተራኪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በላዩ ላይ የሚናገርበት «ትርጉም ፊልም» ለአክሽን ምንም አይልም፤ እንዲያውም ተራኪው ጨዋታ አዋቂ ከሆነ ፊልሙን ያሳምረዋል። ለሆረር ግን መርዝ ነው። ምክንያቱን ለማየት አንድ ትዕይንት ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1942 ቫል ሉተን ፕሮዲውስ ያደረገው፣ ዣክ ተርነር ያዘጋጀው «ካት ፒፕል» ከ150 ሺህ ዶላር በታች የፈጀ ፊልም ነው፤ ለሌላ ፊልም የተሠራ የቤት ውስጥ ደረጃ ሳይቀር ተውሶ ነው የተቀረጸው። አውሬ የመሥሪያ ገንዘብ አልነበረም። ታዲያ ምን አደረጉ? አንዲት ሴት በሌሊት በመናፈሻ አጥር ጥግ ብቻዋን ትሄዳለች። ሌላ ሴት ትከተላታለች። የሚሰማው የሁለት ጫማ ተረከዝ ብቻ ነው፤ ሙዚቃ የለም። የመንገዱ መብራት እዚህም እዚያም ክብ ብርሃን ጥሏል፤ በመካከሉ ያለው ጨለማ ነው። ካሜራው አንዴ የፊተኛዋን፣ አንዴ የኋለኛዋን ያሳየናል። ከዚያ የኋለኛዋ የጫማ ድምፅ ይጠፋል። የፊተኛዋ ይህን ልብ ትላለች፣ ትፈጥናለች፣ ዞር ትላለች፤ ማንም የለም። ዝምታው ይረዝማል። በድንገት እንደ ነብር የሚያጓራ ድምፅ ሲፈነዳ ተመልካቹ ከመቀመጫው ይነሳል፤ የመጣው ግን አውቶቡስ ነው፣ የሰማነውም የፍሬኑን አየር ነው። የሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ ይህን ዘዴ «የሉተን አውቶቡስ» ይሉታል።

አሁን በዚህ ትዕይንት ላይ ተራኪ ይግባበት። «ልጅቷ ፈርታለች፣ የሆነ ነገር እየተከተላት ነው፣ እንግዲህ ምን ይውጣት» ይላል። የጫማው ድምፅ መኖሩንም መጥፋቱንም ሳንሰማ አውቶቡሱ ይመጣል፤ አውቶቡስ ደግሞ ማንንም አያስፈራም። ፊልሙ የተሠራው ከዝምታው ነበር፤ ዝምታው ላይ ተወራበት።

መፍትሔው የአማርኛ ሰብታይትል ነው፤ ሥራውም ሰው እንደሚፈራው አይደለም። «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የእንግሊዝኛውን ኤስአርቲ (የሰብታይትል ጽሑፍና ሰዓት የያዘ) ፋይል ከፍቶ፣ ሰዓቱን ሳይነኩ ጽሑፉን ብቻ እየተኩ መሄድ ነው። ሲቀመጥ ኢንኮዲንጉ (ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ) ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ደህና ሆኖ ቴሌቪዥን ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል አልተጫነበትም። ያኔ ጽሑፉን ምስሉ ውስጥ አትሞ ማውጣት ግድ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባሉት ነፃ ፎንቶች ከሩቅ በደንብ ይነበባሉ። ነጭ ፊደል ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ይኑረው፤ ቢጫ በጨለማ ትዕይንት ላይ ዓይን ይስባል።

ልኩን በተመለከተ፣ በላቲን ፊደል አንድ መስመር እስከ 42 ፊደል ይይዛል ይባላል። የእኛ ፊደል ሰፋ ያለና አናባቢውንም በውስጡ የያዘ ስለሆነ ከ28 እስከ 30 ፊደል ይበቃል፣ ከሁለት መስመርም አይብለጥ። አንድ ጽሑፍ ከ1 ሰከንድ ያነሰ ከቆየ አይነበብም፤ ከ7 ሰከንድ በላይ ከቆየ ደግሞ ተመልካቹ ደጋግሞ ያነበዋል። በሆረር ላይ የሚጨመር አንድ ሕግ አለ፦ ጽሑፉ ከድምፁ አይቅደም። «እዚህ ቤት ውስጥ ብቻችንን አይደለንም» የሚለው ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ታች ከተነበበ ትዕይንቱ አለቀ። ረጅም ንግግር ከሆነ ለሁለት ይከፈል፤ የሚያስደነግጠው ክፍል ለብቻው በሰዓቱ ይምጣ። ጩኸት፣ ማቃሰት፣ «ማነው?» እያሉ መደጋገም አይተረጎምም። ሰው ያንን ያለ ጽሑፍም ይሰማዋል።

ቀጥሎ ክፍሉ ነው። የፊልም ክበብ ለማቋቋም የሚያስቡ ሰዎች የመጀመሪያ ገንዘባቸውን ለፕሮጀክተር ያውላሉ፤ ትክክል ነው፣ ግን ካርቶኑ ላይ «9000 ሉመን» የሚለውን አይመኑ። መታየት ያለበት አንሲ ሉመን (በመደበኛ አለካክ የተለካ ብርሃን) የሚለው ነው፤ ለ2.5 ሜትር ስፋት ሸራ በጨለመ ክፍል ውስጥ ከ2000 እስከ 3000 አንሲ ሉመን ያለው ይበቃል። ፕሮጀክተር ጥቁር አይረጭም። ጥቁር የምንለው ብርሃን ያልወደቀበት ሸራ ነው፤ ስለዚህ በበር ስር የምትገባ አንዲት የብርሃን መስመር፣ የቻርጀር መብራት፣ የፊት ወንበር ላይ የበራ ስልክ ጥቁሩን ግራጫ ያደርጉታል፤ በግራጫ ውስጥ ደግሞ የሚደበቅ ነገር የለም። መስኮቱ ላይ አንድ መጋረጃ አይበቃም፤ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሁለት እጥፍ ሆኖ ከመስኮቱ ጠርዝ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ማለፍ አለበት። ከሁሉ የሚቀለው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ማሳየት ነበር፤ ዛሬ በከተማዋ ማምሸት እንደ ፀጥታው ሁኔታ ስለሚለያይ ግን ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ በደንብ በጨለመ ክፍል ማሳየቱ የተሻለ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ብልሽት ድምፁ ላይ ነው። «ሲያወሩ አይሰማም፣ ሲጮኹ ጆሮ ይበጥሳል» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባለ 5.1 ድምፅ (ለስድስት ስፒከር የተከፋፈለ) ፊልም በሁለት ስፒከር ሲጫወት ነው። በ5.1 አሠራር የሰው ንግግር የሚቀመጠው በመካከለኛው ቻናል ነው፤ ማጫወቻው ግራና ቀኙን ብቻ ከላከ ንግግሩ ይቀራል፣ ሙዚቃውና ጩኸቱ ይደርሳል። የማጫወቻውን የድምፅ ቅንብር ወደ ስቴሪዮ መቀየር ብዙውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ይፈታዋል። ስፒከሮቹ ከሸራው ግራና ቀኝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ይቀመጡ፤ ለሰርግ እንደሚደረገው ጣሪያ ጥግ አይሰቀሉ። ቤዝ መጨመሪያውን ያጥፉት። ግድግዳው ባዶ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ከሆነ የኋላው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ይንጠልጠል፤ ያለዚያ ሹክሹክታው ሁሉ ማስተጋቢያ ይሆናል።

ምን ይታይ ለሚለው፣ ከመብት ጣጣ ነፃ የሆነ መነሻ አለ። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 የሠራው «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያው ከርዕሱ ጋር ስለተወገደ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ሆኖ ቀርቷል። ለሮሜሮ ትልቅ ኪሳራ ነበር፤ ለፊልም ክበቦች ግን ሲሳይ ሆነ። ፊልም ለመሥራት ለሚያስብም ሰው ይህን ደጋግሞ ማየት ይጠቅመዋል።

ምክንያቱም ፊልሙ 114 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው የፈጀው፤ ያልወጣው ገንዘብ የት እንደተቆጠበ ደግሞ በግልጽ ይታያል። ቦታው አንድ ሊፈርስ የተቃረበ የገበሬ ቤት ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሰዎቹ ቤቱን ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ጭንቁ ያለው ውጭ ካሉት ሙታን ይልቅ ውስጥ ባሉት ሰዎች ጠብ ላይ ነው። ኦረን ፔሊ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን በራሱ ቤት በ7 ቀን ቀርጾ 15 ሺህ ዶላር ገደማ ሲያወጣ ካሜራውን መኝታ ቤት ጥግ ትራይፖድ ላይ አቁሞ ተወው። ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወስዱት የተሳሳተ ትምህርት «በርካሽ ካሜራ መሥራት ይቻላል» የሚለው ነው። ካሜራው የቆመው ለቁጠባ ብቻ አይደለም፤ የማይንቀሳቀስ ምስል ተመልካቹ ራሱ ጥጋጥጉን እንዲፈልግ ያስገድደዋል። ርካሹ ነገር የታሪኩ አካል ስለሆነ ነው የሠራው።

ስለ ደም በአጭሩ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። ሁለት ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ ማር እስኪመስል ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ከዚያ እንዲጠቁር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካካዎ ወይም ወፍራም ቡና ይጨመራል። ካካዎው ከቀረ በኤልኢዲ መብራት ሥር ሮዝ ይመስላል፤ አብዛኛው የአማተር ደም የሚጋለጠው በዚህ ነው። ለአፍ የማይገባ ከሆነ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቢጨመርበት ከልብስ ቶሎ ይለቃል፤ ነጭ የሀገር ልብስ ላይ ግን አስቀድሞ በጨርቁ ጥግ ሳይሞከር አይፈስም። ዝንብና ጉንዳንም ይጠራል። ከዚህ በላይ ስለ ደም የሚጠፋ ጊዜ የባከነ ጊዜ ነው።

የጎንደር ሌሊት በካሜራ

ስልክ በጨለማ አይቀርጽም፤ ጨለማን ይገምታል። የሚያመጣው የሚርመሰመስ ጥራጥሬ ነው። ስለዚህ የሌሊት ትዕይንት በሦስት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለችው ሰማያዊ ብርሃን ናት። ጎንደር ለምድር ወገብ ቀረብ ያለች ስለሆነች ይህቺ ብርሃን የምትቆየው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ተዋናዮቹ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተለማምደው፣ ካሜራው ቆሞ፣ ድምፁ ተፈትሾ መጠበቅ አለባቸው። አንድ ወይም ሁለት ሾት ይገኝባታል፣ ከዚያ በላይ የሚያቅድ ሰው በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው በቀን ቀርጾ ሌሊት ማስመሰል ነው፦ ፀሐይን ከተዋናዩ ጎን ወይም ኋላ ማድረግ፣ ሰማዩን ከፍሬሙ ማውጣት፣ ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ሚዛን) 3200 ኬልቪን ላይ መቆለፍና ምስሉን ሁለት ስቶፕ ያህል (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ማጥቆር። በከፍታችን ፀሐይዋ ስለታም ስለሆነች ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት አይሞከር፤ መሬት ላይ የሚወድቀው ጥላ ያጋልጣል። ሦስተኛው ቤት ውስጥ በአንድ መብራት መሥራት ነው። ኩራዝ ወይም ፋኖስ በፍሬሙ ውስጥ ይታይ፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ከኋላው የተደበቀ፣ ከ2700 እስከ 3200 ኬልቪን ያለው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤልኢዲ ይሁን።

የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ስልኮች በራሳቸው የሚመርጡት 30 ፍሬም ከአምፖል ጋር ሲጋጭ ምስሉ ላይ የሚንከባለል ጥቁር መስመር ያመጣል። 25 ፍሬም በሰከንድ፣ ሻተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ ይህን መቆለፍ የሚያስችል ነፃ መተግበሪያ ለአይፎንም ለአንድሮይድም አለ። ሌላው ወጥመድ ስልክ የፍሬሙን ፍጥነት ትንሽ በትንሽ የሚቀያይር መሆኑ ነው፤ ለብቻው የተቀዳ ድምፅ ኤዲቲንግ ላይ መጀመሪያው ገጥሞ መጨረሻው የሚያመልጠው ለዚህ ነው። ከኤዲቲንግ በፊት ፋይሉን ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም መቀየር ይገላግላል።

ስለ ቦታ አንድ አስተያየት፦ ፋሲል ግቢን ተዉት። ፈቃድና ክፍያ ስለሚጠይቅ ብቻ አይደለም፤ ግንቡን ሁሉም ሰው ከፖስተርና ከሰርግ ቪዲዮ ስለሚያውቀው ካሜራው ሲያሳየው የሚመጣው ስሜት ጉብኝት ነው። ፍርሃት የሚኖረው ሰው የራሱ ቤት በመሰለው ቤት ነው፦ የጭቃ ግድግዳ፣ አጎበር የተዘረጋበት አልጋ፣ የማይዘጋ የጓዳ በር። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ የጭቃ ቤት ድምፅን ይውጣል፤ የድንጋይ ክፍል ግን ያስተጋባል። ድንጋይ ቤት ውስጥ ግድ ከሆነ ከፍሬሙ ውጭ ያለው ግድግዳ ሁሉ በብርድ ልብስ ይሸፈን፣ ማይኩም ከአፍ ከ40 ሳንቲ ሜትር አይራቅ።

የቀረጻ ሰዓት የሚመረጠውም በድምፅ ነው። ሌሊት የሚጀምር ማኅሌትና ቅዳሴ፣ የንጋት አዛን፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ባጃጅ፣ መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር አለ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ንግግር አያስቀርጽም። አንድ ሙሉ ቀን ማንም ሳይቀረጽ ቦታው ላይ ተቀምጦ የትኛው ድምፅ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ መጻፍ ከማንኛውም ዕቃ ኪራይ ይበልጣል። የራስ ጄኔሬተር ካለ ከአንድ ግድግዳ ጀርባ፣ ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ሪከርደሩ 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ ሆኖ ንግግሩ እስከ −12 ዴሲቤል ያህል ይድረስ፤ ጩኸት ያለበት ትዕይንት ለብቻው ዝቅ ባለ መጠን ይቀዳል። ከየትዕይንቱ በኋላ ሁሉም ባለበት ቆሞ የክፍሉ ባዶ ድምፅ 1 ደቂቃ ይቀዳ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ኤዲቲንግ ላይ በንግግሮቹ መካከል የሞተ ቀዳዳ ያገኛሉ፤ ያንን ለመሸፈን ሙዚቃ ይጨምራሉ፤ ሙዚቃው ከገባ ዝምታ የለም። አብዛኛው የአማርኛ ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ በሙዚቃ የተለበጠው ሙዚቃ ስለተወደደ አይመስለኝም።

የጅብ ድምፅስ? ለአዲስ አበባ ተመልካች ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን ጅብ በየሌሊቱ የሚሰማ ስለሆነ የሰፈር ድምፅ ነው። የሰፈሩ ውሾች ሲጮኹ ቆይተው ሁሉም በአንዴ ዝም ሲሉ ግን ማንኛውም ጎንደሬ ጆሮውን ያቆማል። የእኛ «የሉተን አውቶቡስ» ይኸው ነው፤ ወጪ የለውም።

መንፈሱ ምን ይፈልጋል?

የፈረንጅ ሆረር መንፈስን ያባርራል። ካህን ይጠራል፣ ትግል ይሆናል፣ መንፈሱ ይወጣል ወይም ያሸንፋል። ጎንደር የምትታወቅበት የዛር ሥርዓት ግን በአብዛኛው ድርድር ነው። ዛሩ ስም አለው፣ ወገን አለው፣ ጠባይ አለው፤ የያዛት ሴት ፈረሱ ናት። ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ያጓራል፣ የሚሻውን ይናገራል፣ ይለመናል፣ ይታረቃል። አይወጣም፤ ተስማምቶ ይኖራል። ይህ ለስክሪፕት ጸሐፊ ሌላ አጥንት ይሰጠዋል፦ ጥያቄው «እንዴት እናስወጣው?» ሳይሆን «ምን ከፍለን አብረነው እንኑር?» ይሆናል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ከዳካር–ጂቡቲ ተልዕኮ ጋር ጎንደር በከረመበት ጊዜ ይህን ሥርዓት በዝርዝር መዝግቧል። ያው ተልዕኮ የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንስቶ ወስዷል፤ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ግድግዳው ላይ የነበሩት ቅዱሳን በሌሊት ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ፊልም እስካሁን የሚሠራው ማጣቱ ይገርማል።

በቡዳ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው ጅብ ሆኖ የሚሄድበት ታሪክ ለካሜራ ያጓጓል፤ ችግሩ የቡዳ ክስ የወደቀው በእውነተኛ ሰዎች ላይ መሆኑ ነው፦ በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በወለቃና በአካባቢው በኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ላይ። ቡዳውን አውሬ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ያንን ክስ በአዲስ ልብስ ይደግመዋል። ጓቲማላዊው ጃይሮ ቡስታማንቴ በ2019 በሠራው «ላ ዮሮና» የሀገሩን የምታለቅስ ሴት ተረት አንስቶ በዘር ጭፍጨፋ የተከሰሰ ጄኔራል ቤት አስገባት። መንፈሷ ከሳሽ ናት፤ የሚያስፈራው ተከሳሹ ነው። በቡዳም ላይ እንዲህ መገልበጥ ይቻላል፦ ማታ የተሰበሰበው የሰፈር ሰው፣ በሩን የሚያንኳኳው እጅ፣ ውስጥ ሆና የምትሰማው ሸክላ ሠሪ። ካሜራው ከእሷ ጋር ይቆይ።

ጠበል ቦታ የሚለፈልፉ ሰዎችን መቅረጽ አይገባም፤ ታማሚ ናቸው፣ ፈቃድ ሊሰጡም አይችሉም። በተዋናይ ቢሠራም ትክክለኛውን ጸሎት ከመጠቀም በፊት የአጥቢያውን ካህናት ማማከር ኋላ ከሚመጣ ጠብ ያድናል።

እውነተኛ ፍርሃት ባለበት ከተማ

አንዳንዱ «በዚህ ዘመን ሆረር ምን ያደርጋል? የምንኖረው አይበቃም?» ይላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ባባክ አንቫሪ በ2016 በፋርስኛ የሠራው «አንደር ዘ ሻዶው» ለዚህ ከሁሉ የቀረበ መልስ አለው። ጊዜው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ነው፤ ቦታው ቴህራን የሚገኝ አፓርታማ፣ ምንም እንኳ ቀረጻው ዮርዳኖስ ቢሆንም። ባልየው ወደ ግንባር ተልኳል። እናት ብቻዋን ከልጇ ጋር ቀርታለች፣ መስኮቶቹ እንዳይረግፉ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። ጣሪያውን የመታው ሚሳይል አይፈነዳም፤ በቀዳዳው ጂኒ ገባ ይባላል። ፊልሙ ጦርነቱን አያሳይም። ጎረቤት በጎረቤት ቤቱን ጥሎ ሲሄድ፣ ሲረን ሲጮህ፣ ፕላስተሩ ሲላቀቅ እናያለን። ጂኒው ከሚያስፈራው በላይ የሚያስፈራው እናትየዋ ልክ መሆኗን ማወቅ አለመቻሏ ነው። ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ገሪማም በ2008 «ጤዛ» ላይ ሆረር ሳይሉት ይህንኑ አድርገዋል፤ ዋናው ሰው አንበርብር በቅዠት ይባንናል፣ የመንደሩ ልጆች ወታደር እንዳይወስዳቸው ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ።

ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ነገር አለ። ፊልሙ ውስጥ ተኩስ አይግባ። በቅርቡ እውነተኛ ተኩስ የሰማ ተመልካች የተቀዳ ተኩስ ሲሰማ ፊልሙን ትቶ ይወጣል፤ በሐሳቡም በእግሩም። ቀረጻ ላይ ደግሞ የእንጨትም ሆነ የፕላስቲክ መሣሪያ ደጅ ይዞ መውጣት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ወታደራዊ ልብስ፣ ድሮን፣ ሌሊት ደጅ የሚበራ ትልቅ መብራትም እንዲሁ። ለቀበሌና ለፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የደብዳቤውን ቅጂ ቦታው ላይ መያዝ፣ ጩኸት ያለበትን ትዕይንት ለአካባቢው ሰው በየቤቱ ዞሮ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ጩኸት ሰምቶ የማይሮጥ ጎረቤት የለንም።

ሲያልቅ የት ይታያል? ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን የሚያከፋፍልላቸው ሲያጡ ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አዞሩት። ያ መንገድ ዛሬም ይሠራል፤ በሥራ ቀን ባዶ የሚሆን የሰርግ ወይም የሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ ወጪው ከወንበሮቹ ግማሽ በሚሸጥ ትኬት እንዲሸፈን አስልቶ መግባት ነው። አብዛኛው ሰው ግን በመጨረሻ የሚያየው ዩቲዩብ ላይ፣ በስልክ ስፒከር ነው። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን አያወጣም ማለት ይቻላል፤ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ደረት የሚንጠው ጥልቅ ጉምጉምታ ስልክ ላይ ጭራሽ የለም። ያንኑ ድምፅ ከ300 እስከ 600 ኸርዝ አካባቢ በሚሰማ ሌላ ነገር ማጀብ ያስፈልጋል፦ የሚንቋቋ በር፣ የጀበና ፉጨት፣ ትንፋሽ። ዩቲዩብ ደግሞ ከ−14 ኤልዩኤፍኤስ (የአጠቃላይ ድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) በላይ ጮክ ያለውን ሁሉ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስጮኸ ሰው ጩኸቱም ንግግሩም እኩል ሆነው ይወርዱበታል። ንግግሩ በደንብ የሚሰማበት ልክ ይያዝ፣ ጩኸቱ ከእሱ በላይ ይሁን፣ ዝምታው እውነተኛ የክፍል ድምፅ ይኑረው። ከመልቀቅ በፊት ሦስት ቦታ ይሰማ፦ በስልክ፣ በቤት ቴሌቪዥን፣ በአዳራሽ። በሦስቱም ሹክሹክታው ካልተሰማ ወደ ሚክሲንግ ይመለሳል፤ በአንዱ ብቻ ካልተሰማ ያ አንዱ ስልክ ከሆነ አሁንም ይመለሳል።